ስለ ጠጉር «ቀዳዳማነት»፦ የአንድ ሙያዊ ቃል አተረጓጎም ሲመረመር

ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው የባዕዱን ቃል ፍቺ መከተል፣ ሁለተኛው ቃሉ የተሰየመለትን ነገር መርምሮ ስም ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ቢቀልም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በጠጉር አያያዝ ጽሑፎች «ፖሮሲቲ» ለሚባለው ቃል የተሰጡትን አቻዎች ስንመረምር ያገኘነው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። እያንዳንዱ ጠጉር ከላይ በጠፍጣፋ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወይም እንደ ሣር ቤት ክዳን እየተደራረቡ ከሥር ወደ ጫፍ ይወርዳሉ። ገጥመው ሲተኙ ውኃ በቀላሉ አይገባም፤ ከገባም ቶሎ አይወጣም። በኬሚካል ማለስለሻ፣ በቀለም ማንጫ ወይም በጋለ መተኮሻ ብዛት ሲነሡና ሲሸራረፉ ግን ጠጉሩ ውኃን ፈጥኖ ይጠጣል፤ ፈጥኖም ይደርቃል። ቃሉ የሚሰይመው ይህንን ርጥበት የመቀበልና የመያዝ ጠባይ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጠጉራቸውን ሳያለሰልሱ በተፈጥሮ መልኩ መያዝ ሲያዘወትሩ፣ ቃሉ ከሙያ መጻሕፍት ወጥቶ የየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ።

«ቀዳዳማነት» የሚለው አቻ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልተረጐመም። አንባቢዋ ጠጉሯ እንደ ወንፊት የተበሳ ይመስላታል፤ የተበሳ ነገር ደግሞ ይደፈናልና ቅቤ ታበዛለች። ቅርፊቱ ገጥሞ በተኛ ጠጉር ላይ የቅቤ ብዛት ከላይ ይቀመጣል እንጂ አያረጥበውም፤ የሚሻለው ሞቅ ያለ ውኃ ወይም በካስክ ሥር ጥቂት መቆየት፣ ከዚያም ቀለል ያለ ቅባት ነው። ቅርፊቱ ለላላ ጠጉር ቅቤ የሚጠቅመውም ጠጉሩ ርሶ ሳለ ሲቀባ ነው፤ የገባው ርጥበት እንዳይወጣ ያዘገያልና። እንግዲህ የቃል ስሕተት የአያያዝ ስሕተት ይሆናል ማለት ነው።

በተጎዳ ጠጉር ውስጥ ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን በአፈር ጥናትም ቢሆን የባዶ ቦታ ብዛትና ውኃ የማሳለፍ ችሎታ የተለያዩ ናቸው። የመረሬ አፈር በጥቃቅን ባዶ ቦታ የተሞላ ሆኖ ሳለ ሲርስ ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም። እንግሊዝኛው ለጠጉር ሲውል ሁለቱን አደባልቋል፤ እኛ ድብልቁን አብረን ልንወርስ አይገባም።

ሌሎቹም አቻዎች ነቀፌታ አያጡም። «መጣጭነት» መግባትን ብቻ ይናገራል፤ መውጣትን ይዘነጋል። «ሰርጎ ገብነት» የውኃውን ሥራ ለጠጉሩ ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ «ሰርጎ ገብ» በአማርኛችን ሾልኮ የገባ ጠላት ነው። «ፖሮሲቲ» ብሎ እንዳለ መጻፍ ባያሳስትም ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግርም።

«ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉት ቅጽሎችም ሊጤኑ ይገባል። በአማርኛ «ከፍተኛ» ማዕረግ፣ «ዝቅተኛ» ጉድለት ያሰማል። እዚህ ግን «ከፍተኛ» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ጠጉር ነው። ጤነኛ ጠጉር ያላት አንባቢ «ዝቅተኛ» ተብላ ብታዝን ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ለጠባዩ «ርጥበት አሳላፊነት»፣ ለደረጃዎቹ «ጥብቅ»፣ «ልከኛ» እና «ልል» እንዲባል ነው። የባዕዱ ቃል ሥር የሆነው የግሪኩ «ፖሮስ» ራሱ ማለፊያ፣ መሻገሪያ ማለት ስለሆነ ከሥሩም አልራቅንም። «አሳላፊ» የግብር አስተናጋጁን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተቀብሎ የሚሰጥ ነውና ምስሉ አይጎዳንም። ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ፊደልን ለለየ አንባቢም «ጥብቅ» እና «ልል» እንግዳ አይሆኑበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም «ላላ» ግስ መሆኑ ነው። ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ የ30 ሳንቲ ሜትር ጠጉር ጫፍ የሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው፤ ብዙ እጥበትና ብዙ ሙቀት አይቷል። በአንድ ራስ ላይ ሥሩ ጥብቅ፣ ጫፉ ልል ሊሆን ይችላል። «ጫፉ ላልቷል»፣ «ማለስለሻው አላላው» ስንል ቦታውንም ምክንያቱንም እንገልጻለን። «ቀዳዳማ» ግን ጠባዩን ለራስ ሁሉ የተሰጠ፣ ከልደት የመጣ ነውር አድርጎ ያስቀራል።

ቃሉን ለአንባብያን ትችት ስናቀርብ ባልደረቦቻችን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳይመዝኑት እንጠይቃለን። ሹሩባ ሠሪዎችና የጠጉር ባለሙያዎች ለዚሁ ጠባይ ከእኛ የተሻለ ቃል ይዘው ሊገኙ ይችላሉ፤ ከተገኘም የእኛን ትተን የእነርሱን መመዝገብ ይገባናል።