ሁለት ሰው፣ ሁለት መቅዘፊያ

ከቀዘፋ ውድድሮች ሁሉ ልቤን የሚወስደው መሪ ያዥ የሌለው የሁለት ሰው ጀልባ ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ መቅዘፊያ ብቻ ይይዛሉ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። አንዱ ትንሽ ቢበረታ ወይም ቢቀድም ጀልባዋ ወደ ጎን ትዞራለች። አቅጣጫ አይቶ የሚያዝ ሰው የለም። መሪው ያለው እግር ላይ ነው፦ የአንደኛው ቀዛፊ ጫማ ውሃ ውስጥ ካለችው ትንሽ መሪ ጋር በቀጭን ሽቦ ይያያዛል፤ ሰውየው በሙሉ ኃይሉ እየገፋ የጫማውን ጫፍ ትንሽ ብቻ ያዞራል፣ አለፍ አለፍ እያለም በትከሻው ላይ አሻግሮ መስመሩን ያያል። ሳንባ በሚቃጠልበት ሰዓት እንዲህ መጠንቀቅ፣ ያውም 2,000 ሜትር ሙሉ፣ እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

ይህን ጥበብ ከኒውዚላንዶቹ ኤሪክ መሬይና ሃሚሽ ቦንድ በላይ ያሳየ አላውቅም። ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በዚህች ጀልባ የቀደማቸው አልነበረም፤ 69 ውድድር በተከታታይ አሸነፉ። በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ 6 ደቂቃ ከ8.50 ሰከንድ ገብተው የዓለምን ምርጥ ሰዓት አሻሻሉ፤ ወርቁንም ወሰዱ፣ በሪዮም ደገሙት።