የሚያጉረመርመው ወለሉ ነበር

ስለ ሸክላ ሙዚቃ የተጻፈ ነገር ሳነብ «ሙቀት አለው» የምትለዋን ቃል እጠብቃለሁ። ሁሌም ትመጣለች። እኔም ጽፌያታለሁ፤ ስለ ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ስጽፍ ከሥር የሚሰማው ጉርምርምታ የዘመኑ ነፍስ ነው ብዬ ነበር። ቃሌን አጥፌያለሁ። ጉርምርምታው የሳሎናችን ወለል ነው።

ማጫወቻው አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለስ ያመጣው ቶረንስ ቲዲ 160 ነው፣ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕቃ። ሸክላው ደግሞ የቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ በ1986 ያወጣው ቅጂ። መጀመሪያ ትራንስፎርመር ገዝተን ሰካነው። ማሕሙድ ገና ከእንቅልፉ የነቃ መሰለ፤ ድምፁ ወፍሮ፣ ከበሮው እየተጎተተ። አጎቴ «ድሮ እንዲህ ነበር የሚዘፈነው» አለኝ። አመንኩት! ለካ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሞገድ ነው፤ የአሜሪካው 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ይህን አይነካም። በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ ወደ 28 ወርዶ፣ ዘፈኑ ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበር። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ ቀየርንለትና ሰውየው ነቃ።

ጉርምርምታው ግን አልሄደም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መርፌዋ የምታነበው ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ነው፣ የዘፈኑን እንቅስቃሴና የጠረጴዛውን መንቀጥቀጥ ለይታ አታውቅም። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራም ድምፅ ተቀንሶ ነው የሚገባው፤ ማጉያው መልሶ ያሳድገዋል። 20 ኸርዝ ላይ፣ ከመካከለኛው ድምፅ አንጻር፣ አሥር እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ፒያሳ ባለው የሳንቃ ወለላችን ላይ የሚራመድ ሰው ከዘፋኙ እኩል ይጎላል።

እዚህ ላይ እንደ ብዙ ሰው ተሳሳትኩ። የቴኒስ ኳስ ለሁለት ቆርጬ ከሥር አደረግኩ። ለሌላ ማጫወቻ ሊሠራ ይችል ይሆናል። ቶረንሱ ግን ሆዱ ውስጥ ሰሃኑንና ክንዱን የተሸከሙ ሦስት ሞላዎች አሉት። ሞላ ላይ ኳስ ሲጨመር ዕቃው ጀልባ ሆነ፤ እናቴ ቡና ይዛ ስታልፍ መርፌዋ ዘለለች። ሸክላው ላይ የቀረው ጭረት እስካሁን ይወቅሰኛል። መፍትሔው ተቃራኒው ነበር፦ ኳሱን አውጥቶ፣ ማጫወቻውን ከወለሉ ጭራሽ ነጥሎ፣ ግንብ ላይ በተመታ ቀላልና ግትር መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ በውሃ ልክ ማስተካከል። ስፒከሮቹንም ከዚያው መደርደሪያ አወረድኩ።

ስለ ሌላው ጌጣጌጥ ብዙ አልልም። የቡሽ ምንጣፉ ለውጥ አለው ብዬ መማል አልችልም። ሸክላው ላይ የሚጫነው ከባድ ብረት ሞላዎቹን ይጫናል፣ ይቅርባችሁ። ገንዘብ ካላችሁ አዲስ መርፌና የመርፌዋን ክብደት በግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን ግዙ፤ ያለቀ መርፌ ድምፅ ከማበላሸት አልፎ ሸክላውን እየፋቀ ይበላል።

አሁን «ኧረ መላ መላ» ስሰማ ባስ ጊታሩ ከከበሮው ተለይቶ ይሄዳል። ሳክስፎኖቹ ማሕሙድን ሲመልሱለት በመሃል ያለችው ዝምታ ትሰማለች። ያ ድግግሞሽ፣ አሰልቺ ነው ብዬ የጻፍኩበት፣ ለካ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። አድማጩን የሚያስጨንቀው ያ ነው፤ እኔ ግን በወለሉ ጩኸት ሸፍኜ «ነፍስ» አልኩት።

ቅሬታም አለኝ። ጉርምርምታው ሲጠፋ ቀረጻው በአንዳንድ ቦታ ቀጭን መሆኑ ተጋለጠ፤ ወለሉ ያልነበረ ወፍራም ድምፅ ያበድረው ነበር።

አጎቴን አስቀምጬ አሰማሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንዱን ገጽ ጨረሰ።

«ግርማው የት ሄደ?» አለኝ።

ሸክላውን ገለበጥኩለት።