በሃይላንድ ቂጥ ላይ ያለች ቀዳዳ

ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ቂጡ ላይ የተበሳችውን ቀዳዳ ቀረብ ብዬ ባየኋት ቁጥር የሠሪውን እጅ አደንቃለሁ። ቀዳዳዋ ክብ አይደለችም፤ የአስም መድኃኒት የሚረጨውን የሳልቡታሞል ፓፍ አፍ ቅርፅ ይዛለች። ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይታጠፋል፣ በእሳት ይግላል፣ ከዚያ ፕላስቲኩን እያቀለጠ ይገባል። በመቀስ ቢቆረጥ ጠርዙ በተሰነጠቀ ነበር፤ የጋለው ሽቦ ግን ለስላሳ ከንፈር ትቶ ይወጣል። ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል። በጠርሙሱ አፍ በኩል ለሕፃን የሚሆን ማስክ ይገጠማል።

ድፈናው የሥራው ነፍስ ነው። ኬፕ ታውን ውስጥ ፕሮፌሰር ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው አስም የተነሳባቸውን ልጆች በተለያየ ዕቃ አክመው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ አውጥተዋል። በደንብ የተደፈነው ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በልጁ አፍ መካከል ከሚገባው መያዣ፣ አላነሰም። ያልተደፈነው ግን ከእሱ ወረደ፤ በጠርሙስ ፋንታ የተሞከረው የፎም ኩባያ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ቀረ።

ፓፍ ሲጫን መድኃኒቱ ተወንጭፎ ይወጣል። ትልቅ ሰው እንኳ ትንፋሹን ከእሱ ጋር ማገጣጠም ይቸግረዋል፤ ሕፃንማ ከቶ አይችልም፣ መድኃኒቱም ጉሮሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ፍጥነቱ ይበርዳል፤ ትልልቁ ጠብታ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ከ5 ማይክሮሜትር ያነሰው ተንሳፍፎ ይቆያል። ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ በራሱ ልክ እየተነፈሰ ይስበዋል።

ክረምቱ በሚረዝምበት፣ ምድጃው ቤት ውስጥ በሚጨስበት በኖፓ ገጠር፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ ታቅፋ ወደ መቱ ከተማ ለምትወርድ እናት ይህ ዕቃ ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒቱን ወደ ጉም የሚቀይረው ኔቡላይዘር መብራት ይፈልጋል፤ ጠርሙሱ መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም።

የቀረው የእጅ ጥበብ ነው። ጨቅላ በአብዛኛው በአፍንጫው ስለሚተነፍስ ማስኩ አፍንጫና አፉን አንድ ላይ ከድኖ ጉንጩ ላይ መግጠም አለበት፤ በጥቂቱ ከተከፈተ መድኃኒቱ ያመልጣል። የሚያለቅስ ልጅ ወደ ሳንባው የሚያስገባው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎበዝ ነርስ መጀመሪያ ልጁን እናቱ ጭን ላይ ቀና አድርጋ ታባብለዋለች፣ ፓፉን ወዝውዛ የምትጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠርሙሱ በሳሙና ውሃ ይነከራል እንጂ በጨርቅ አይወለወልም፤ ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና ጠብታውን ወደ ራሱ ይስባል። ሳሙናው ይህን ስለሚቀንስ ሳይለቀለቅ ተደፍቶ በራሱ ይደርቃል። ማስኩ ግን ፊት ስለሚነካ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል።