መለኪያን መለወጥ ወይስ ቁጥርን ማባዛት?
የመለኪያ ልወጣ በሚሰጥበት ስልት ላይ የቀረበ ሂስ

ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላ መለኪያ መለወጥ በአንደኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ውስጥ ቀላል ከሚባሉት አርእስት አንዱ ነው። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በመሰላል ሥዕል ነው፤ ከኪሎሜትር እስከ ሚሊሜትር ያሉት መለኪያዎች በተራ ይደረደሩና ተማሪው ሲወርድ በ10 እንዲያባዛ፣ ሲወጣ በ10 እንዲያካፍል ይታዘዛል። ይህ ስልት ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ተማሪ በበዛበት ክፍል በአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ለማረምም ይቀላል። ዳሩ ግን ተማሪው የሚለማመደው ቁጥርን ማባዛትና ማካፈል እንጂ የሚለካውን ነገር ማሰብ ባለመሆኑ፣ ከመሰላሉ ውጭ የሆነ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በአዲስ አበባ ምሥራቅ የቦሌን አካባቢ መመልከት ይበቃል። በዚያ ሠፈር የሚማር ልጅ በየዕለቱ በአናቱ ላይ ሲያልፍ የሚያየው አውሮፕላን ከፍታው በጫማ፣ ፍጥነቱ በኖት፣ የሚጓዘው ርቀት በባሕር ማይል ይነገራል። 35,000 ጫማ 10,668 ሜትር ነው፤ አንድ የባሕር ማይል ደግሞ 1,852 ሜትር ነው። እነዚህ በ10 እየተባዙ የሚወርዱ፣ በ10 እየተካፈሉ የሚወጡ አይደሉም።

የልወጣ ስሕተት የሚያስከትለው አደጋም በዚሁ በበረራ ሙያ በግልጽ ታይቷል። በሐምሌ ወር 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ለጉዞው 22,300 ኪሎግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ የተጠቀሙበት ቁጥር 1.77 ነበር። ይህ ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ሲሆን፣ በኪሎግራም 0.8 ያህል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም 10,100 ኪሎግራም ያህል ብቻ ይዞ ተነሣና ነዳጁ በአየር ላይ አለቀ። ያለ ሞተር ኃይል ተንሸራቶ ጊምሊ በተባለ ቦታ በማረፉ 69ኙም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ከሞት ተረፉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጥፋቱ ምንጭ የማባዛት ችሎታ ማነስ ሳይሆን ቁጥሩ ከመለኪያው ተነጥሎ መሠራቱ ነው።

የመሰላሉ ስልት ሁለተኛ ጉድለት ልወጣ ሁሉ ማባዛት ነው የሚል እምነት ማሳደሩ ነው። የቦሌ መንገደኛ በቲኬቱ ላይ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከ30 የሚል ቢያነብ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 መሆኑን ያውቃል። እዚህ የሚያስፈልገው 6 መቀነስ ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ አቆጣጠሮች መነሻ የተለያየ ነው። በአንጻሩ 3 ሰዓት የሚፈጅ በረራ በሁለቱም አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው። የሙቀት መጠንም እንዲሁ ነው፤ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 50 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን፣ የ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ግን የ18 ዲግሪ ፋራናይት ጭማሪ ነው። ንባብንና ልዩነትን ሳይለዩ መለወጥ እንደማይቻል ተማሪው ከራሱ ሰዓት ሊማር ይችል ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት በስፋት ላይ ይታያል። አንድ ሜትር 100 ሴንቲሜትር ነው ብሎ ያጠና ልጅ አንድ ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሴንቲሜትር ነው ይላል፤ እውነቱ ግን 10,000 ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የፈቀደው ከፍተኛ ስፋት 500 ካሬ ሜትር ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ሁለቱን ለማነጻጸር 500 ካሬ ሜትር የሄክታር ሃያኛ እጅ መሆኑን ማወቅ ያሻል። አባቶች በጋሻ ሲናገሩ ደግሞ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ይሁን እንጂ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ይለያይ እንደ ነበር፣ ስለዚህ የሚገኘው ቁጥር ግምት መሆኑን መምህሩ ሊያስረዳ ይገባል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ሊታሰብበት ይገባል። በስሌቱ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቁጥሩ ከነመለኪያው ይጻፍ። ተማሪው ከማስላቱ በፊት መልሱ ይበዛል ወይስ ያንሳል ተብሎ ይጠየቅ። በፈተናም ላይ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ስሌት ቀርቦ ስሕተቱን እንዲያገኝ ይደረግ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በመምህራን ማሠልጠኛ የልወጣ ትምህርት እንደ ተራ የቃል ጥናት መታየቱ እንዲቀር ነው። መሰላሉ ይቆይ፤ ነገር ግን ተማሪው ከመውጣቱ በፊት መሰላሉ የቆመበትን መሬት ይወቅ።