የማስታወቂያ ፌዝ በቴሌቪዥን፤ ከጎንደር የውዳሴ ልማድ ጋራ ሲነጻጸር

የማስታወቂያ ፌዝ ማለት የሻጭን አነጋገር፣ ዜማና ሥዕል አስመስሎ የያዘ፣ የሚሸጥ ዕቃ ግን የሌለው አጭር ጨዋታ ነው። ተመልካቹ በመጀመሪያ እውነተኛ ማስታወቂያ መስሎት ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ሲገለጥለት ይሥቃል። ሣቁም በሁለት ወገን ይወድቃል፤ አንደኛ በሻጩ ላይ፣ ሁለተኛ ከጥቂት ጊዜ በፊት የተነገረውን ባመነው በራሱ በተመልካቹ ላይ። ይህ ዐይነት ጨዋታ በአገራችን ቴሌቪዥን ደካማ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ልማዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ይህ መልስ ግን ተከፍሎት የሚያወድስና በዚያው አፉ የሚያፌዝ ሰው በጎንደር ከተማ ከቴሌቪዥን ሁለት መቶ ዓመት አስቀድሞ እንደ ነበረ ያላስተዋለ መልስ ነው። ድካሙ የመጣው ከልማድ እጦት ሳይሆን ከአከፋፈሉ ሥርዐት መለወጥ መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነው።

በቴሌቪዥን ለዚህ ጨዋታ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1975 ለመጀመሪያ ጊዜ በተላለፈበት ሌሊት፣ ሦስት ስለት ያለውን የጢም መላጫ የሚያስተዋውቅ ፌዝ አቀረበ። በዚያን ጊዜ በገበያ የነበረው አዲስ መላጫ ሁለት ስለት ያለው ስለ ነበር፣ የሦስተኛው ከንቱ ትርፍነት ያሥቅ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ጂሌት የተባለው ኩባንያ «ማክ ስሪ» በሚል ስም ባለ ሦስት ስለት መላጫ አውጥቶ በእውነት ሸጠ፤ በ2006ም ባለ አምስቱን አስከተለ። በማጋነን ብቻ የቆመ ፌዝ ዕድሜው አጭር መሆኑን ከዚህ እንማራለን፤ ገበያ ራሱ የሚያጋንን ስለ ሆነ ቀድሞት ይሄዳልና። ያ ጨዋታ ዛሬም ለዛውን ያላጣው በመጨረሻው ቃሉ ምክንያት ነው። ይኸውም መላጫው የተሠራው ገዢው የነገሩትን ሁሉ የሚያምን በመሆኑ እንደ ሆነ ሳይሸሽግ ይናገራል። ስለዚህ መልካም ፌዝ የሚነካው ዕቃውን ሳይሆን፣ በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን ያልተነገረ ውል ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ከጊዜ በኋላ አጭር የኮሜዲ ጨዋታ፣ በተለይ በበዓል ቀን፣ ተመልካች የሚጠብቀው ነገር ሆነ። ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እንዲሁም አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቃል በመቀባበል በሚያቀርቡት ጨዋታ በአገሩ ሁሉ ታወቁ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነጻ ገበያ ሲስፋፋ የንግድ ማስታወቂያ በረከተ፤ የሳተላይት ጣቢያዎችም ሲበዙ የመዝናኛ ዝግጅቶች ከስፖንሰር ገንዘብ ጋራ በብርቱ ተሳሰሩ። የሣቅ ተጫዋቹም ፊቱ በሕዝብ የታወቀ ስለ ሆነ ለማስታወቂያ የሚፈለግ ሰው ሆነ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በሻጭ ላይ ሊያፌዝ የሚገባው ሰው፣ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ራሱ ሻጭ ሆኖ ይታያል።

የአማርኛ ማስታወቂያ ለፌዝ የሚመች መልክ የለውም ማለት አይቻልም። «በዓይነቱ ልዩ የሆነ» የሚለው ሐረግ ለሳሙናም ለአፓርታማም እኩል ያገለግላል። «ዕድሉ እንዳያመልጥዎ» እየተባለ የሚነገርለት ዕድል ዘወትር እዚያው ይገኛል። ድምፁ በዝግታና በግርማ ይጀምርና፣ አድራሻው ላይ ሲደርስ «ፊት ለፊት»፣ «ዝቅ ብሎ»፣ «ሁለተኛ ፎቅ» እያለ ይሮጣል። ከሁሉ ይልቅ መመርመር የሚገባው ግን «እርስዎ» የሚለው አጠራር ነው። በአማርኛ ልማድ አንቱታ የሚሰጠው የሰውየው ዕድሜ፣ ማዕርግ ወይም እንግድነት ታይቶ ነው። ማስታወቂያ ግን ማንን እንደሚያነጋግር ሳያይ ሁሉን አንቱ ይላል፤ ስለዚህ አክብሮቱ ያለ ተከባሪ በአየር ላይ ይቀራል። ይህን አጠራር አጥብቆ የያዘ ፌዝ፣ የሻጩን ድምፅ በማጎርነን ብቻ ከሚያሥቀው ይልቅ ሩቅ ይደርሳል።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በምዕራብ ቀሐ፣ በምሥራቅ አንገረብ የሚያዋስኗት ይህች የነገሥታት ከተማ፣ የውዳሴ ዋጋ ምን ያህል ውድ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ አላት። እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በዚያን ዘመን በከተማይቱ የሚዘፍኑ፣ የሚጨፍሩና የሰው መልክ እየቀዱ የሚያሥቁ ሰዎች ነበሩ። እነርሱም በሠርግ ቀን በየደጁ፣ በበዓል ቀን በየመንገዱ እየዞሩ ራሳቸው የገጠሙትን ያሰሙ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል ድል አድርገው ሲመለሱ እነዚህ ሰዎች ወጥተው በማወደስ ብዙ ጊዜ ከእጃቸው ሽልማት ተቀብለዋል። ራስ ሚካኤል ከከተማ በራቁ ጊዜ ግን፣ አቡኑ ንጉሡን ባወገዙበት ቀን፣ እነዚያው አወዳሾች በሽምግልናቸውና በአንካሳነታቸው እያፌዙ ዘፈኑባቸው፤ የሽሬን ፈረሰኞችም ከጦር ሜዳ ሸሽተዋል እያሉ ተሣለቁባቸው።

በ1763 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ራስ ሚካኤል ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ ወደ ጎንደር ተመለሱ። ወንድና ሴት ሆነው ከሠላሳ የሚበልጡት ዘፋኞች እንደ ልማዳቸው ውዳሴ ይዘው ወጡ። ከከተማው በታች ባለው አይሎ ሜዳ አጠገብ ራስ ሚካኤል ምልክት በሰጡ ጊዜ፣ ቀድሞ የተፌዘባቸው የሽሬ ፈረሰኞች ዞረው ዘፋኞቹን በሰይፍ ፈጇቸው። ብሩስ እንደሚለው ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ይህ ታሪክ የጭካኔ ማስረጃ ብቻ ተደርጎ ሊነበብ አይገባውም። ስለ ውዳሴ ጠባይ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ በጎንደር አወዳሽና አፌዛዥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱ አፍ ሁለቱንም ይችል ነበር። ሁለተኛ፣ ፌዙ የጎዳው ከውዳሴው ጋራ አንድ መልክ ስለ ነበረው ነው። ጌታው የገዛው ዜማ በራሱ ላይ ሲዞር፣ የቀድሞው ውዳሴ ሁሉ የተገዛ እንደ ነበር ለሕዝብ ተገለጠ። የማስታወቂያ ፌዝ ዛሬ የሚሠራውም ሥራ ይኸው ነው።

የአዝማሪ ልማድ ከዚህ ጋራ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በጎንደር አካባቢ ቡርቧክስ በምትባለው መንደር ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ እንግዳው ይቀርባል፤ ስሙን ከባልንጀሮቹ ጠይቆ በስሙ ይጠራዋል፤ መልኩን፣ አገሩንና ሙያውን አንሥቶ ይገጥምለታል። ገንዘቡ የሚመጣው ግጥሙ ከተሰማ በኋላ ነው፤ የሚሰጠውም በሰው ሁሉ ፊት፣ ብዙ ጊዜም በግንባሩ ላይ በመለጠፍ ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ በአዝማሪው አፍ ማስገባት ይችላል። እጁን የሰበሰበ እንግዳ እንደ ሆነ፣ የሚቀጥለው ስንኝ ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ስድብ ሊሆን ይችላል። ሌሊት በየደጁ እየዞሩ የሚዘፍኑት ላሊበሎችም እንዲሁ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጥንተው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ይዘፍናሉ፣ ከዚያም ይቀበላሉ፤ የነፈጋቸውን ሰው ግን በነገር ይወጉታል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። የአዝማሪ ውዳሴ ከፋዩ የታወቀ፣ ዋጋው የታየ፣ ክፍያው ከቃሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግን ዋጋው በቢሮ ተነጋግሮ ያለቀ፣ ቃሉም ከውሉ በኋላ የሚነገር ነው። በፊተኛው ሥርዐት አድማጩ ፈራጅ ነው፤ በኋለኛው ፍርዱ እርሱ ሳይደርስ ተሰጥቶአል። አዝማሪ የሚታመነው ስለማይዋሽ አይደለም፤ ሊዞር እንደሚችል ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው።

የቢራ ማስታወቂያ ለዚህ መልካም ምስክር ነው። በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ሥራ የጀመረው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ የስሜንን ከፍተኛ ተራራ ስም ለመጠጡ ሰጠ። የቢራ ፋብሪካዎች በጠቅላላው፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅን እስከ ከለከለበት ጊዜ ድረስ፣ ከዋናዎቹ የመዝናኛ ስፖንሰሮች መካከል ነበሩ። በማስታወቂያዎቻቸው ተራራ፣ ጀግንነት፣ እስክስታና ወዳጅነት ከጠርሙሱ ጋራ ተቆራኝተው ቀረቡ። ይህ ሁሉ ከሽለላና ከአዝማሪ ዜማ የተወሰደ ግርማ ነው፤ የቀረው ነገር ቢኖር ግጥሙ ሊዞር የሚችልበት በር ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ነገር ግን የሣቅ ጨዋታው ራሱ የስፖንሰሩን ዕቃ እያነሣ በሚሄድበት ጊዜ፣ ወሰኑን የሚያፈርሰው ፌዝ ሳይሆን ሽያጭ ይሆናል። መልኩ የፌዝ፣ ግቡ የሽያጭ የሆነ ጨዋታ ደግሞ ሻጩን አይነካም፤ ሣቁን ራሱን ሸቀጥ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አዝማሪም ለእንጀራው ሲል ሀብታምን ይለማመጣል፤ ስለዚህ ነጻነቱን ማግነን አይገባም ሊባል ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ የአይሎ ሜዳ ሬሳዎችም ያ ነጻነት ዋስትና እንዳልነበረው ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ራስ ሚካኤል በብዙ ሰይፍ ሊያጠፉት የተገደዱትን ነገር፣ ዛሬ አንዲት የውል ወረቀት ያለ ደም ታስቀረዋለች። የተገደለ ፌዝ ቢያንስ መኖሩ ይታወቃል፤ አስቀድሞ የተገዛ ፌዝ ግን አለመኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ከዚህ የተነሣ የኮሜዲ ጸሐፊዎቻችን የሚያስፈልጋቸው የባዕድ ምሳሌ ሳይሆን፣ በደጃቸው ያለው ሥርዐት ነው፤ ከፋዩን በስሙ መጥራት፣ ዋጋውን በአደባባይ ማሳየት፣ «ተቀበል» ለሚለው ተመልካች ቦታ መስጠት። ለጥናትም የሚተርፍ ሥራ አለ። የአዝማሪ ግጥም ሲሰበሰብ ስንኙን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ማን እንደ ከፈለ፣ መቼ እንደ ከፈለ፣ በማን ፊት እንደ ከፈለ አብሮ መመዝገብ ይገባል። እንዲሁም የቴሌቪዥን አጭር ጨዋታ ሲመረመር፣ ከመካከሉ ያለውን ሣቅ ከመመዘን በፊት፣ በመግቢያውና በመጨረሻው የሚነበበውን የድርጅቶች ስም ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። የጨዋታው ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነውና።