የሰሜን ተራሮች ትጉሃን

ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስን ያለፈ መንገደኛ፣ የወገራን የገብስ ማሳ ትቶ፣ ዳባትንና ደባርቅን ተሻግሮ፣ ጓሳና ጅባራ ከበቀለበት ከሰሜን ደጋ ሲደርስ፣ ቍጥሩ በዓለም ሁሉ 500 ገደማ ብቻ የቀረውንና ከኢትዮጵያ በቀር ማደሪያ የሌለውን ቀይ ቀበሮ ለማየት ይታደል ይሆናል።

የዚህ ብርቅ ፍጡር ሕልውና እንዲጸና ከሚደክሙት ሁሉ ይልቅ እኔ የማደንቀው፣ ከኗሪው ሕዝብ መካከል የተመረጡትን የቀበሮ አምባሳደሮች ነው፤ እነርሱም ቀበሮው በየት እንደ ታየ፣ ሞቶ የተገኘም እንዳለ፣ በመንደሩ ውሾችም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት እንደ ታየ ፈጥነው ያስታውቃሉ፤ ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ የተሻገረ እንደ ሆነ አንዱን መንጋ ባንድ ጊዜ ሊፈጅ ይችላልና። የሰው ዓይን በማይደርስበት ሌሊት ደግሞ፣ በመተላለፊያው ላይ የተተከለው ካሜራ፣ እንስሳው ሲያልፍ በራሱ ሥዕሉን ያነሣል።

ትጋትና ጥበብ ተባብረው ያፈሩትን ፍሬ ለማየት ግን የ«ተረፈ»ን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. በጥይት እግሩ ተሰብሮ በሰሜን ተራሮች የተገኘው ይህ ወንድ ቀበሮ፣ አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖለት፣ 51 ቀን ከታከመበት መጠለያ ወጥቶ፣ አካሄዱን በሳተላይት የሚያመለክት ማሠሪያ በአንገቱ ላይ ታስሮለት ወደ ደጋው ተለቀቀ፤ ከዚያም በኋላ እንስት አግኝቶ ቡችሎች ወለደ። እንግዲህ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው እንዳይሻገር፣ ውሻ ያለህ የደጋ ሰው ሁሉ፣ ክትባት ሰጪው ወደ ቀበሌህ በመጣ ጊዜ ውሻህን ይዘህ ውጣ።