የማይዞር ቁልፍ ፊት የሚነበብ መጽሐፍ

ሮበርት ፐርሲግ «ዜን እና የሞተር ሳይክል ጥገና ጥበብ» የተሰኘውን ሥራውን ይዞ በየበሩ ሲዞር 121 አሳታሚዎች መልሰውታል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ትረካው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1968 ልጁን ክሪስን ከኋላ አፈናጦ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ የተጓዘውን መንገድ ይከተላል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍልስፍናው ነው። እኔ ግን ርዕሱ ላይ ያለውን ጥገና የምር ወስጄ ልፈትነው እፈልጋለሁ። በሞተር ሳይክል ጎን የተሰቀለ የጓዝ ሳጥን መንገድ ላይ አልከፈት ቢል፣ ልብሱም ስንቁም ወረቀቱም ውስጥ ቢቀር፣ ይህ መጽሐፍ ለባለቤቱ ምን ይፈይድለታል?

የሳጥን መቆለፊያ የመጽሐፉ ጉዳይ አይደለም፤ ለጥያቄዬ የሚቀርበው 24ኛው ምዕራፍ ነው። አንድ ሰው የሞተሩን የጎን ክዳን ሊፈታ ሲል ቪቴው ይጣበቅበታል። ማንዋሉ ክዳኑን አውጣ ይላል እንጂ ቪቴው እምቢ ካለ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ሰውየው ካቻቪቴውን በፒንሳ ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያዞረው የቪቴው ራስ ይላጣል። ፐርሲግ እዚህ ቆም ብሎ ያሰላል፦ ክዳኑ ካልተከፈተ ሞተሩ አይጠገንም፤ ስለዚህ በሳንቲም የሚገዛው ቪቴ በዚያች ሰዓት የመላው ሞተር ሳይክል ዋጋ አለው። የተቸገረ መንገደኛን ጭንቀት በዚህ ልክ አክብሮ የመዘነ ሌላ የጥገና ጽሑፍ አላነበብኩም። ምክሩም ቀላል አይደለም። ግራ መጋባቱን አትሽሸው፣ ከፊትህ ያለውን ቪቴ እንደ ማንኛውም ቪቴ ሳይሆን እንደዚህ አንድ ቪቴ ተመልከተው ይላል።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ምዕራፍ ነው። ፐርሲግ የመፍቻ መንገዶችን በጥድፊያ ይነካካና ወደ ፍልስፍናው ይመለሳል። ቪቴው ለምን እንደተጣበቀ፣ ዝገት ይሁን ሙቀት ወይም ከልክ በላይ መጥበቅ፣ አይመረምርም። ምክንያቱ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ በተለይ ለመቆለፊያ።

መቆለፊያ ከቪቴ ይለያል፤ ከመነሻው እምቢ እንዲል የተሠራ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የተደረደሩ ስስ የብረት ቅጠሎች በጥቃቅን ሞላዎች ተገፍተው መዞርን ይከለክላሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ብቻ ሁሉም በአንድ ልክ ይሰበሰባሉ። የኋላው ጎማ የሚረጨው አቧራና ጭቃ ሞላዎቹ ላይ ሲጋገር ቅጠሎቹ ወደ ቦታቸው አይሄዱም፤ መቆለፊያው ባለቤቱን ከሌባ መለየት ያቅተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ጉልበቱ የሚሰብረው ደግሞ ቁልፉን ነው፤ ስባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ከቀረ በኋላ ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፉ የት ላይ እንደቆመ ነው። እስከ መጨረሻው አልገባ ካለ ጥፋቱ ቆሻሻ ወይም የታጠፈ ቅጠል ነው። ገብቶ ካልዞረ ክዳኑን በአንድ እጅ ጫን ብሎ መሞከር ይገባል፤ የታጨቀ ዕቃ ክዳኑን ከውስጥ ሲገፋው የመቆለፊያው ምላስ መያዣው ላይ ይወጠርና ሲሊንደሩን ያንቀዋል። ብዙ አምራቾች አንድ የጎን ሳጥን ከ10 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይጫን ይመክራሉ፤ ከክብደቱ ሌላ ግን ቅጥ ያጣ አስተሻሸግም ብቻውን ይበቃል። ቁልፉ ያለ ችግር ዞሮ ሳጥኑ ካልተከፈተስ? ያኔ ጥፋቱ ከሲሊንደሩ በስተጀርባ ነው። ምላሱን የሚጎትተውን ክፍል የያዘው ቪቴ በንዝረት ላልቷል ወይም ወድቋል።

እዚህ ላይ ፐርሲግ በሌላ በኩል ተመልሶ ይረዳኛል። 26ኛው ምዕራፍ ወኔ ስለሚሰልቡ ወጥመዶች ይናገራል። ከነዚህ ውስጥ የደቡብ ሕንዱ የዝንጀሮ ወጥመድ አለ፦ ዝንጀሮው በተቦረቦረ ኮኮናት ውስጥ እጁን ሰዶ ሩዝ ይጨብጣል፤ ሩዙን ቢለቅ እጁ ይወጣል፤ አይለቅም። «መቆለፊያው ተበላሽቷል» ብሎ የደመደመ ሰው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። መቆለፊያው ጤነኛ ሆኖ ክዳኑ የተወጠረ ሊሆን እንደሚችል ማየት የሚችለው ድምዳሜውን ሲለቅ ነው። በዚሁ ምዕራፍ ስለ መካኒክ እጅ የተጻፈውም ትልቅ ቁም ነገር አለው። ብረት ምን ያህል እንደሚታገሥ፣ በጣት የጠበቀው፣ የተመቸውና የከረረው እንዴት እንደሚለያዩ እጅ ማወቅ አለበት ይላል። የናስ ቁልፍ ሊጣመም ሲል ጣት ላይ የሚሰጠውን ስሜት የሚያውቅ ሰው ሳይሰብረው ያቆማል።

በ4ኛው ምዕራፍ ደራሲው ለጉዞ የሚይዘውን ዕቃ ይዘረዝራል። ችኩል አንባቢ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከምወዳቸው ገጾች አንዱ ነው። በመዶሻ ሲመቱት የሚዞር ካቻቪቴ አለ፤ የሞተር ሳይክሉ ማንዋልና የሄንሪ ዴቪድ ቶሮ «ዋልደን» አሉ፤ ለሰንሰለቱም የሞሊብደነም ዳይሰልፋይድ ስፕሬይ አለ። ይህ ስፕሬይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፈሳሹ ሲተን ደረቅ ማለስለሻ ትቶ ይቀራል። ለመቆለፊያ የሚበጀውም ይኸው ሥርዓት ነው፦ ቆሻሻውን በሚያሟሟ ስፕሬይ አጥቦ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ የግራፋይት ዱቄት ወይም ቴፍሎን ያለው ደረቅ ማለስለሻ መጨመር። ፐርሲግ በሰንሰለቱ ላይ የሞተር ዘይትም ይደርብበታል፤ መቆለፊያ ላይ ግን ዘይት ፈጽሞ አይደረብም። ለጥቂት ቀናት ያለሰልስና አቧራውን ሰብስቦ ወደ ሊጥ ይለውጠዋል።

ስለ ፊድረስ፣ ማለትም ስለ ተራኪው የቀድሞ ማንነት፣ የተጻፉት ረጅም ምዕራፎች ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይመልሱም፤ አልፋቸዋለሁ። የማላልፈው ግን ደራሲው ጋራዥ ውስጥ ባሉ ወጣቶች ላይ የሰጠውን ፍርድ ነው። ሬዲዮ ከፍተው በመዶሻና በመሮ የሞተሩን ክዳን ይበሱታል፤ የጥፋቱ ምንጭ የ25 ሳንቲም ፒን እንደነበረም ሳያገኙት ይቀራሉ። ቁጣው ተገቢ ነው። ሆኖም እነዚያ ልጆች አንድም ጊዜ ራሳቸውን ሲያስረዱ አንሰማም። ማን አስተማራቸው? በሰዓት ስንት ይከፈላቸው ነበር? ስለ ሥራ ጥራት አራት መቶ ገጽ የሚጽፍ ሰው ይህን መጠየቅ ነበረበት።

በአንጻሩ ጓደኛው ጆን የሚታይበት ክፍል ሚዛኑን የጠበቀ ነው። የጆን ቢኤምደብሊው መሪው ሲላላ ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ ስስ ሙሊት ቆርጦ ላስገባ ይለዋል፤ ጆን ውዱ ሞተሩ ላይ የጣሳ ቁራጭ መግባቱን አይቀበልም። ለኛ አገር ጋራዥ ይህ የዕለት ሥራ ስለሆነ ክርክሩ እንግዳ ይመስላል። ፐርሲግ ግን ጓደኛውን ሳያዋርድ ሁለቱንም ዕይታ አስቀምጧቸዋል። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፣ ውፍረቱም ልክ ነው። የሳጥን ክዳን ዘምሞ ምላሱ ከመያዣው ጋር አልገጥም ሲልም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የመያዣውን ቪቴዎች አላልቶ፣ ከሥሩ አንድ ስስ ቆርቆሮ አስገብቶ፣ ክዳኑን ባዶ ሳጥን ላይ ዘግቶ መሞከር።